ሃያ ሦስተኛው ምልክት

ላጲሱ ነጭ ነበር። ናኢማ ከሐሙስ ወዲህ ደጋግማ የምታስበው ይህንኑ ነው፤ ነገሩ የእጇ ሳይሆን የላጲሱ ሥራ ይመስል። አሰላ ተማሪ ሳለች የምታውቀው ላጲስ ግማሹ ቀይ፣ ግማሹ ሰማያዊ፣ ደረቅና ትንሽ ጫን ካሉት ወረቀት የሚበሳ ነበር፤ ይሄኛው ግን እንደ ቅቤ ለስላሳ ነው፣ ሲያልፍ ድምፅ የለው፣ ከኋላው የሚተወው ነገር የለው፣ ያለፈበት ሁሉ ድሮም ምንም እንዳልነበረበት ሆኖ ይቀራል። አሁን ቅዳሜ ጠዋት ነው። ጎተንበርግ ውስጥ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ባለች አንዲት ክፍል፣ በጀርባዋ ተንጋላ ጣሪያ ታያለች። ሁለት ሌሊት ዓይኗ አልተከደነም። እዚህ አገር በዚህ ወቅት ሌሊት የሚባለው ነገር ፈዘዝ ብሎ ያልፋል እንጂ አይጨልምም፤ መጋረጃው ስስ ነው፤ የባሕር ወፎቹ ጣሪያው ላይ እንደተጣሉ ጎረቤቶች ይጯጯሃሉ። ዛሬ ግንቦት ሠላሳ ነው፤ አሰላ ላይ ይሄኔ የጭላሎ ተራራ ደመናውን ተከናንቦ ክረምቱን እየጠራ ይሆናል። ረፋድ አምስት ሰዓት ላይ ሼሽቲን ግራጫውን ካርቶን ትከፍታለች። በስልኳ አቆጣጠር ይህ አሥራ አንድ ሰዓት ነው፤ ናኢማ ግን ይኸው ሁለት ዓመቷ፣ በልቧ ስድስት መቀነስ አልተወችም። ካርቶኑ ውስጥ ቪዮላ ለሚባለው፣ ከቫዮሊን ትንሽ ለሚተልቀው መሣሪያ የተጻፉ የኖታ ወረቀቶች አሉ። ከእነዚያ በአራቱ ገጽ ላይ አንዲት የሞተች ሴት በእርሳስ የጻፈችው ነገር ነበር። እስከ ረቡዕ ጠዋት ድረስ ነበር።

ሼሽቲን የኦርኬስትራው የኖታ ቤት ኃላፊ ናት፣ ስድሳ ዓመቷ ነው፣ ናኢማ ደግሞ ረዳቷ ናት፣ በሙከራ ላይ ያለች ረዳት። እዚህ አገር «እርስዎ» የሚሉት ሰው የለም፤ እናቷ የምትሆን አለቃዋን አንቺ ስትላት በአዳራሽ መሃል ጫማዋ የወለቀባት ያህል ታፍራለች። ኦርኬስትራው ትንሽ ነው፣ ሠላሳ ስምንት ሰው ነው፣ ሥራው ደግሞ ለሰሚ ግራ ነው፤ ሁሉ የሚያውቃቸውን ትልልቆቹን አይጫወትም። በስዊድን፣ በኖርዌይና በዴንማርክ በየቆጡና በየምድር ቤቱ ተረስቶ የቀረውን ሙዚቃ ፈልጎ ያወጣና ለከተማው ሰው ያሰማል፤ አንዳንዴ በአዳራሽ፣ አንዳንዴ በድሮው የዓሣ ገበያ፣ አንዳንዴም ትራሞች በሚያድሩበት ጋራዥ። ሰዎች የገበያ ቦርሳቸውን እግራቸው ሥር አስቀምጠው ስሙን ሰምተውት የማያውቁትን ሰው ሙዚቃ ይሰማሉ። የዛሬ ማታዋ ታይራ ኤክማን ትባላለች። ሰሜን ውስጥ በአንድ መንደር የፒያኖ አስተማሪ ነበረች፤ በዕድሜዋ አንድ ትልቅ ድርሰት ጻፈች፣ እሱም አንድ ጊዜ፣ ከዘጠና ስምንት ዓመት በፊት፣ በዝናብ ቀን ለስድሳ ሰው ተሰማ፣ አበቃ። ሙሉው ኖታ ከቤቷ ጋር ተቃጠለ። የተረፈው ለየመሣሪያው ተለይቶ የተጻፈው ወረቀት ብቻ ነው፤ እሱን የእህቷ ልጅ ቆጥ ላይ አገኘችው። የኦርኬስትራው መሪ ያንን ኮፒ አስነሥቶ፣ ገጹን ከገጽ ገጥሞ፣ ሙሉውን ከአዲስ ሠራው። ኮፒ የሚያነሣው ማሽን ግን ጥቁሩን ቀለም እንጂ ፈዛዛውን እርሳስ አልያዘም። ይህን የጠረጠሩት ሐሙስ ነው። ናኢማ ያጠፋችው ረቡዕ ነው።

ረቡዕ ጠዋት ጠረጴዛው ላይ ሁለት ካርቶን ነበር። አንዱ ከሌላ ከተማ የተዋሱት ኖታ ነው፤ ሲመለስ ተጫዋቾቹ የጫሩበት ሁሉ ጠፍቶ ንጹሕ መሆን አለበት፣ ደንቡ ነው። «የሰማያዊውን ካርቶን አጥፊልኝ» አለቻት ሼሽቲን፣ አጥፍታ ጨረሰች፣ ገና ለሦስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነው። ሥራ ፈትቶ መቀመጥ ደግሞ አታውቅበትም፤ የሙከራ ጊዜዋ ሊያልቅ አምስት ሳምንት ቀርቶታል፣ የመኖሪያ ፈቃዷ የተንጠለጠለው በዚህ ሥራ ላይ ነው፣ ማመልከቻዋ በኮምፒውተር «በመታየት ላይ» ማለት ከጀመረ ሦስተኛ ወሩ ነው፣ ማን እንደሚያየው የሚነግራት የለም፣ ስልክ ስትደውል ማሽን ነው የሚያመሰግናት። ስለዚህ ግራጫውን ካርቶን ከፈተች። ሳትታዘዝ። ቢጫ ያለ ወረቀት፣ ያማረ የቀለም ጽሑፍ፣ በላዩ ላይ የእርሳስ ምልክት ተበታትኖበታል። ያን ጊዜ በጆሮዋ የመጣው የወይዘሮ ተናኘወርቅ ድምፅ ነው። ወይዘሮ ተናኘወርቅ አሰላ፣ ናኢማ ዩኒቨርሲቲ እንደጨረሰች አንድ ዓመት በሠራችበት መሥሪያ ቤት፣ የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ነበሩ፤ ከደብረ ብርሃን ተመድበው መጥተው ሃያ ዓመት የቆዩ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉ ሴት። አንድ ገበሬ ከሮቤ ድረስ መጥቶ በእርሳስ የተሞላ ማመልከቻ ሲያቀርብላቸው በሁለት ጣታቸው አንሥተው፣ «ወንድሜ፣ በእርሳስ የተጻፈ እንዳልተጻፈ ነው! ሰው በእርሳስ አይወለድ፣ በእርሳስ አይሞት!» ብለው መለሱለት፣ ሰልፈኛው ሁሉ ሳቀ፣ ገበሬውም ሳቀ፣ እስክሪብቶ ያዋሰችው ናኢማ ናት። እዚህም መጀመሪያ የገባች ቀን ሼሽቲን እስክሪብቶዋን ከእጇ ተቀብላ እርሳስ ስትሰጣት፣ ገና አላመኑኝም፣ እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ አዩኝ ብላ ነበር ያዘነችው። በእርሳስ የጻፈ ሰው ገና አልወሰነም። በቀለም የጻፈ ወስኗል። ይህን የማያውቅ ሰው አለ እንዴ? አራት ገጽ አጠፋች። አምስተኛውን ስታነሣ ለቡና ዕረፍት ጠሯት። ዕረፍቱ አሥር ደቂቃ ቀድሞ ቢሆንስ? አሥር ደቂቃ ዘግይቶ ቢሆን ደግሞ ካርቶኑን ትጨርሰው ነበር።

ሐሙስ ልምምድ ላይ ከበሩ አጠገብ ቆማለች። ሦስተኛው ክፍል ላይ ሲደርሱ የሆነ ነገር ይንጋደዳል፣ ኖታ የማታነበው ናኢማ እንኳ ይሰማታል፣ ቆርቆሮ ላይ እየዘነበ ሳለ መሃሉ ላይ ሰው ድስት የጣለ ያህል ነው። መሪው እጁን አወረደ። «ቪዮላዎቹና የሆርን መለከቶቹ ይጣላሉ» አለ። «ስህተት ሊሆን አይችልም፣ እዚህች ሴት ሥራ ላይ ሌላ የተሳሳተ ቦታ አላየሁም። የእህቷ ልጅ የነገረችኝ ነገር አለ፤ የዚያን ጊዜም ልምምድ ላይ ተጣልተውባት፣ ቪዮላዎቹ መሃል ገብታ በእርሳስ አስተካከለችው አለች። ሼሽቲን፣ ዋናውን እንየው።» ሼሽቲን ነገ በዓል ነው፣ ሕንፃው ዝግ ነው፣ ቅዳሜ ረፋድ እከፍተዋለሁ አለች። ቪዮላ ተጫዋቹ ዮናስ ቀልደኛ ነው፤ «እስከዚያ እኛ ሆርኖቹን ይቅርታ እንጠይቃለን» ሲል ሁሉም ሳቁ። ናኢማም ሳቀች። ያ ሳቅ ነው እንቅልፍ የነሳት፤ ከላጲሱም በላይ ያ ሳቅ።

አርብ የስዊድኖቹ የባንዲራ ቀን ነበር፤ አርብ አረፋም ነበር። ትራሞቹ ግንባራቸው ላይ ትንንሽ ባንዲራ ሰክተው ሲሄዱ በመስኮት አየች፤ ለኢድ ሶላት አልሄደችም፣ እሄዳለሁ ብላ ልብሷን አውጥታ ወንበር ላይ ዘርግታው ነበር፣ እዚያው ወንበሩ ላይ ዋለ። ቀትር ላይ በኢሞ ደወሉ። እህቷ ፋጡ ስልኩን ይዛ ግቢውን ሁሉ ታሳያታለች፣ በጉን፣ ዘመዱን፣ በር ላይ የቆመውን ባጃጅ፣ ከዚያ ፊቷን አምጥታ ስክሪኑ ላይ ለጠፈችው።

«ናኢሚ! ኮሶ የጠጣ ሰው መስለሻል እኮ! ስዊድኖቹ እንቅልፍ ይከለክላሉ እንዴ?»

«ሥራ በዝቶብኝ ነው።»

«ሥራ! ሥራሽ ወረቀት መደርደር አይደል? እኔ ዛሬ ሙሉ በግ ገፍፌያለሁ፣ ይኸው አላማርሁም?»

«ወላሂ አምሮብሻል። አባን ስጪኝ።»

አባቷ ኦቦ ቱሳ ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። ስልኩን ሁልጊዜ ጆሯቸው ላይ ስለሚለጥፉት የምታየው ጆሯቸውን ብቻ ነው። «አካም ጅርታ፣ ናኢማ? ኢድ ሙባረክ!» አሏት፤ እንደ ልማዳቸውም መልሷን ሳይጠብቁ፣ መስጊድ በር ላይ ሰው ሁሉ ስለ እርሷ እንደጠየቃቸው፣ «ስዊድኖቹ መጻሕፍታቸውን የሚያስጠብቁት በኔ ልጅ ነው» ብለው እንደመለሱ ነገሯት። ወሬ ለማስቀየር ይሁን፣ ለመናዘዝ ይሁን፣ እርሷም አታውቀው፣

«አባ» አለች፣ «እርስዎ ካዱ ሲሠሩ በእርሳስ ነበር የሚጽፉት?»

ካዱ ድሮ ስዊድኖቹ አሰላ ላይ ያቋቋሙት የእርሻ ድርጅት ነው። አባቷ በአሥራ ስምንት ዓመታቸው ቁሉምሳ የስንዴ መደብ መዝጋቢ ሆነው ገብተውበት ነበር፤ ስለ ካዱ ከጠየቋቸው ዕድሜያቸው ይቀንሳል።

«መስክ ላይ እስክሪብቶ ይዞ የመጣ ይመለስ ነበር!» አሉ እየሳቁ። «ያን ጊዜ ጭጋጉ፣ ዝናቡ! ቀለም ይፈሳል፣ ይጨማለቃል። እርሳስን ዝናብ አይነካውም። ቀን በእርሳስ እንመዘግባለን፣ ማታ ቢሮ ገብተን አሳምረን በቀለም እንገለብጣለን። አለቃችን ሲጠራጠር ታዲያ የቀለሙን በእጁ ገፋ ያደርግና፣ ቱሳ፣ የእርሳሱን አምጣ ይለኛል። እኛም ተረት አድርገነው ነበር፤ ለአዲስ አበባ በቀለም፣ ለእውነት በእርሳስ።»

ከጀርባ ፋጡ በኦሮምኛ ልጆች ላይ ትጮሃለች።

«ቢጠፋስ፣ አባ? ሰው ሳያውቅ በላጲስ ቢያጠፋው?»

«ወረቀቱን ወደ ፀሐይ አጋድመሽ በጎን ታዪዋለሽ። ጫን ብሎ የጻፈ ሰው ቦዩ ይቀራል። እጁን አቅልሎ የጻፈ እንደሆነ ግን...» አልጨረሱትም፣ ጆሯቸውን ከስልኩ አነሡና ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸው መጣ፣ ዓይናቸው ካሜራውን ሳይሆን እርሷን የሚፈልግ ይመስላል። «ናኢማ፣ ምን ገጥሞሽ ነው?»

«ምንም። ለሥራ ነው፣ አባ።»

ኔትወርኩ ተቋረጠ። መልሳ መደወል ትችል ነበር። አልደወለችም። ይሄም ተደመረ።

ሌሊቱን ሙሉ አንድ ወረቀት ላይ ያጠፋቻቸውን ምልክቶች ስትስል አደረች፣ ወይም ያደረች መስሏታል፣ ምክንያቱም መሃል ላይ እጇ ሎህ የያዘ ይመስላታል። ቁርአን ቤት ኡስታዝ ኢርሻድ ዘንድ ሲማሩ አንቀጹን ከከሰል በተሠራ ቀለም የእንጨት ሰሌዳው ላይ ይጽፉታል፤ ሲያበቃ ሎሁ ይታጠባል፣ ለአዲሱ አንቀጽ ቦታ ይለቃል። ግን ሎህ ዝም ብሎ አይታጠብም። መጀመሪያ ኡስታዙ ፊት ቆመሽ በቃልሽ ትወጪዋለሽ። ስምንት ዓመቷ ነው፣ ውሃው ጣሳ ውስጥ ነው፣ ኡስታዝ ኢርሻድ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ፤ «ሳትይዢው አጥበሽው እንደሆነ ውሃው ይመሰክርብሻል» ይላሉ። ከዚያ ወዲህ ናኢማ ማንኛውንም ነገር ሳታነብ አጥፍታ አታውቅም። የገበያ ዝርዝር እንኳ ከስልኳ ስታጠፋ አንዴ ታየዋለች። ረቡዕም እንዲሁ ነበር፤ እጇ ሲያጠፋ ዓይኗ ይወስድ ነበር፣ ምን እንደሚወስድ ሳያውቅ። ትንሽ መስቀል፣ አምስተኛው የኖታ ፍሬ አናት ላይ። ወደ ታች ያየች ቀስት። ሁለት ሰረዝ። ክብ፣ አጠገቡ ክብ። ጠዋት ስትቆጥር ሃያ ሁለት ሆኑ። ያጠፋችው ግን ሃያ ሦስት ጊዜ ነው፤ እጇ ያስታውሳል፣ ሦስተኛው ገጽ ግርጌ ላይ አንድ ቀላል፣ ላጲሱ አንዴ ብቻ ያለፈበት ነገር ነበር። ምን ነበር? ያን ጊዜ በኮሪደሩ የሲኒ ድምፅ ሰምታ ቀና ብላ ነበር። ቀና ብላ። ለሲኒ።

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ኖታ ቤት ደረሰች። የመግቢያ ካርዷ ዛሬ ሠራ፣ አረንጓዴ አበራ፤ እንኳን ደህና መጣሽ የሚል ይመስል ነበር፣ አሳፈራት። ግራጫውን ካርቶን ከፈተች፣ የመጀመሪያውን ገጽ ይዛ መስኮቱ ጋ ሄዳ አጋደመችው። አላሁ አክበር። ቦዩ አለ። ታይራ ኤክማን ተናድዳ ነበር የጻፈችው፣ እርሳሷ ወረቀቱን አርሶታል፣ ብርሃኑ በጎን ሲወርድበት መስቀሉ እንደ ተዘራ መስመር ብቅ ይላል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ ማታ ከሳለችው ጋር ይገጥማል። ሃያ ሁለቱም ይገጥማሉ። ሦስተኛው ገጽ ግርጌ ግን ልሙጥ ነው። ብታጋድመው ልሙጥ፣ ብታቀርበው ልሙጥ። እዚያ ላይ ሴትየዋ ንዴቷ በርዶላት ይሆናል፣ እጇን አቅልላ ጽፋለች።

እርሳሱ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ የተቀረጸ። ማንም የለም። ሁለት ሰዓት ተኩል ጊዜ አላት። እርሳሱ ቦዩ ውስጥ ቢገባ መንገዱን ራሱ ያውቀዋል፣ እጅ እንኳ አያስፈልገውም፤ ሃያ ሁለቱ ይመለሳሉ፣ ሼሽቲን መጥታ ትከፍታለች፣ መሪው ይኸው! ይላል፣ ፈቃዷ ይታደሳል፣ አባቷ መስጊድ በር ላይ የተናገሩት እውነት ሆኖ ይቀራል። የመጀመሪያውን መስቀል አንዷን ክንድ አሰመረች። አንዲቷን ብቻ። ቀና ብላ አየቻት። ምንም አይታወቅም። የዘጠና ስምንት ዓመት መስመር ትመስላለች፤ ልቧን ያቆመውም ይሄው መምሰሏ ነው። ወይዘሮ ተናኘወርቅ አንድ ቀን አንድ ባለጉዳይ የልደት ዓመቱን አስተካክሉልኝ ብሎ ሲለምናቸው አልጮሁበትም፤ መዝገቡን ቀስ ብለው ዘጉና፣ «ልጄ፣ ያንተን ብነካ የሌላውን ማን ያምናል?» ነበር ያሉት። ደግሞስ ሃያ ሦስተኛው? ሃያ ሁለቱን ብትመልስ ገጹ ሙሉ ይመስላል፣ ሙሉ የመሰለን ገጽ ማንም አይጠይቅም፣ ያቺ የግርጌዋ ነገር ጠፋች ሳይሆን ኖራም አታውቅም ትሆናለች። በዓለም ላይ እንደነበረች የሚያውቅ አንድ ሰው ነው ያለው፤ እሱም እርሳስ ይዞ ቆሟል።

እርሳሱን አስቀመጠች። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ሌላ ምንም አላደረገችም፣ ጠበቀች ብቻ።

ሼሽቲን የብስክሌት ቆቧን ሳታወልቅ ገባች። የተከፈተውን ካርቶን አየች፣ ናኢማን አየች።

«ቀደምሽኝ» አለች።

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ረቡዕ። አራት ገጽ። የተጫዋቾች ጭረት መስሎኝ።» በሌሊቱ ያዘጋጀችው ረጅም ንግግር ነበራት፣ የወጣው ይሄው ነው።

ሼሽቲን ወረቀቱን አነሣች። ቆቧን አወለቀች፣ መልሳ አደረገች፣ እንደገና አወለቀች።

«ስንት ምልክት ነበር?»

«ሃያ ሦስት። ሃያ ሁለቱን አውቃቸዋለሁ። ከእነሱም አንዷን፣ ይህቺን ግማሽ መስቀል፣ አሁን እኔ ነኝ ያሰመርኳት፤ እሷም የእኔ ናት።»

«ኖታ አላነብም ብለሽኝ ነበር።»

«አላነብም።»

«ታዲያ እንዴት ታውቂያቸዋለሽ?»

ስለ ሎህ እንዴት ብላ ታስረዳት? ተነሥታ ቆመች፣ እጆቿን አጣመረች፣ ዓይኗን ጨፈነች። «አንደኛ ገጽ፣ ሦስተኛ መስመር፣ አምስተኛው ፍሬ አናት ላይ መስቀል። ከእሱ ቀጥሎ ቀስት፣ ወደ ታች። አራተኛ መስመር፣ መጀመሪያው ላይ ሁለት ሰረዝ...» መጀመሪያ ትፈጥን ነበር፣ ሁለተኛው ገጽ ላይ ስትደርስ ረጋች። ሼሽቲን መብራቱን ዝቅ አድርጋ፣ ወረቀቱን አጋድማ፣ በጣቷ እየተከተለች በሌላ ወረቀት ትጽፋለች፤ አንድ ጊዜ «ቆይ» አለች፣ አንድ ጊዜ «እሺ፣ አለ»። አልፈገገችም።

አምስት ሰዓት ላይ መሪውና ዮናስ መጡ። ሼሽቲን በአጭሩ ነገረቻቸው፤ መሪው ወረቀቱን ለዮናስ ሰጠው። ዮናስ ቪዮላውን አወጣ፣ መሪው የሆርኑን ድምፅ በፒያኖ እየመታ ተጫወቱት። ናኢማ አዳመጠች። የሚወድቅ ድስት የለም፤ ዝናቡ ብቻ ነው፣ ቆርቆሮ ላይ፣ ሲያልፍ፣ ሲመለስ። ሦስተኛው ገጽ ግርጌ ሲደርስ ዮናስ ቆመ። ለመጀመሪያ ጊዜ አልቀለደም።

«እዚህስ?»

ሦስቱም አዩአት። የሆነ ነገር ብትል፣ ቀስት፣ መስቀል፣ ይጽፉት ነበር።

«አላስታውስም። ግን እዚህ አንድ ነገር ነበር።»

መሪው ገጹን ራሱ አጋድሞ አየው። «እንደ ቀለሙ ተጫወተው» አለ በመጨረሻ። «የሚቆረቁር ከሆነ ይቆርቁር።»

እነሱ ሲወጡ ሼሽቲን ነጭ ወረቀት አመጣች። «ሁሉንም ጻፊው» አለች። «ማን፣ መቼ፣ ስንት፣ የቱን በቃልሽ፣ የቱን ከቦዩ። ከካርቶኑ ጋር ይቀመጣል። ከእኛ በኋላ የሚመጣ ሰው ማወቅ አለበት።»

«ሥራዬስ?»

«ሰኞ እናወራለን።»

ናኢማ ከቦርሳዋ እስክሪብቶዋን አወጣች። ሼሽቲን እንደ መጀመሪያው ቀን እጇን ዘርግታ ተቀበለቻትና እርሳስ ሰጠቻት። «ዋና ወረቀት ባለበት ቀለም አይገባም። አንዲት ጠብታ ብትፈስ መመለሻ የላትም።»

ናኢማ ስሟን ጻፈች፣ ናኢማ ቱሳ። ቀኑን ጻፈች። ሃያ ሁለቱን በተራ፣ ግማሿንም መስቀል ሳትደብቅ ጻፈች። ማታ አባቷ ጋ ትደውላለች፤ ምን ገጥሞሽ ነው ላሉት መልስ አላት። መጨረሻው መስመር ላይ ደረሰች። «ሃያ ሦስተኛው ምልክት ሦስተኛው ገጽ ግርጌ ላይ ነበር። ምን እንደነበረ አላውቅም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ» ስትል ጫን ብላ፣ ወረቀቱን እያረሰች ጻፈች፣ እርሳሱ መሃል ላይ ተሰበረ። ቀርጻው ቀጠለች።